በማዳም ኦቨን የተጋገረው ሲሊንደር

እኔ ቶሎ የሚያቅለሸልሸኝ ሰው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ሰው ማዕድ ላይ ካስነጠሰ በቃ፣ የዚያን ቀን እህል አይወርድልኝም። እንዲህ ያለችውን ሰው ነው እንግዲህ እግዜር አንስቶ ጅቡቲ ላይ የሰው ቤት ሠራተኛ ያደረጋት። የሰው ፀጉር ከመታጠቢያ ቤት ቱቦ እየሳብኩ፣ የሰው ካልሲ እያጠብኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ለምጄውም ነበር። ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ግን ዛሬም ሳስበው ምራቄን የሚያስተፋኝ አንድ ነሐሴ አለ፤ የገዛ ወንድሜ የሞተር ሳይክል ሲሊንደር በአሠሪዎቼ ኦቨን የጋገረበት ነሐሴ።

አዎ፣ የጋገረበት። እንደ ዳቦ።

ቤቱ ባሕሩ አጠገብ ካሉት ቪላዎች አንዱ ነበር። ሙስዬ ከፈረንሳይ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ጠዋት ዶራሌ ወደ ወደቡ ይሄዳል፣ ማታ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። ማዳም እቤት ናት። አንድ አራት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አላቸው፣ እኔ ጀርባ ላይ ያደገ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ የማወራው ሁሉ በእነሱ ላይ እንዳይላከክ።

የመኖሪያ ወረቀቴን በየዓመቱ የምታሳድስልኝ ማዳም ነበረች። እሷ «ቤቴ ውስጥ ትሠራለች» ብላ ካልፈረመች ወረቀት የለም። ወረቀት ከሌለ ደግሞ ራፍል የሚሉት አለ፤ ፖሊስ ከመንገድ ላይ ሰው አፍሶ በመኪና ይጭንና ድንበር ወስዶ ያራግፋል። ከማውቃቸው ልጆች አንዷን ቲማቲም ልትገዛ እንደወጣች ነው የወሰዷት። ሻንጣዋን፣ ፎቶዎቿን፣ የምትወደውን ነጠላዋን ሁሉ ትታ ሄደች። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር አልፈራም። እሱን ግን እፈራው ነበር። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ወረቀቴ የሚያልቀው በመስከረም ነው።

ማዳም ኦቨኗን ትወዳለች። እሑድ እሑድ የምትጠብስበት ታዲያ ምን ይመስላችኋል? አሳማ! ቆዳው እየፈነዳ፣ ስቡ እየተንጨረጨረ፣ ቤቱን ሁሉ እስኪያጥነው ድረስ። በስመ አብ! ሰኞ ጠዋት ያንን የረጋ ስብ በማንኪያ ፍቄ የማወጣው እኔ ነኝ። አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ። ማዳም አንድ ቀን አየችኝና ሳቀች። እኔ አላሳቀኝም።

ይህን ነገር የሚረዳልኝ በዚያ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ዘበኛው። ከአሊ ሳቢህ በኩል የመጣ፣ ጺሙን በሂና የሚያቀላ ሽማግሌ ሶማሌ ነው። ከፈረንሳይኛ «ቦንዡር» እና «ሜርሲ» ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ሶማልኛ ከገበያ ለቅሜ ለምጃለሁ፤ ስለዚህ ማዳም ለሱ ማለት የምትፈልገውን፣ እሱም ለማዳም ማለት የሚፈልገውን የማስተላልፈው እኔ ነበርኩ። «አዴር» እለዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት። እሱ «ልጄ» ይለኛል።

ሁለታችንም ከዚያ ኦቨን አንበላም። ከገበያ ሁለት ድስት ገዝቼ ከክፍሌ ጀርባ በትንሽ ጋዝ ምድጃ ለብቻዬ ነበር የማበስለው። መጀመሪያ ለራሴ ነበር፣ በኋላ ለሁለታችን ሆነ። እሱ እኔ የምበላውን ሥጋ አይበላም፣ እኔም የእሱን አልበላም፤ ስለዚህ እዚያ ድስት ውስጥ ሥጋ የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። ምስር፣ ሩዝ፣ ዓሣ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እጁን ታጥቦ ከግንቡ ጥላ ሥር ከትሪው ወዲያ ማዶ ይቀመጣል፣ እኔ ወዲህ ማዶ። ድስቱን የምናጥብበት ስፖንጅ እንኳ ለብቻው ነው። አንድ ጊዜ ማዳም ለልጁ ልደት ኬክ ጋግራ በሰሐን ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀበለ፣ «ሜርሲ» አለ፣ ማዳም ዞር ስትል ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ልጄ፣ ይሄ ከዚያ ነው የወጣው?» አለኝ። አዎ ስለው ሰሐኑን ቀስ አድርጎ ለድመቶቹ አስቀመጠላቸውና እጁን በሳሙና ሦስቴ ታጠበ። አንጀቴን ነው ያራሰው!

እንግዲህ ወንድሜ።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ድሬዳዋ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነበር። በከባድ መኪና ተጭኖ ነው የመጣው፤ ያን ጊዜ እስከ ናጋድ ጣቢያ የሚመጣው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ገና እየተዘረጋ ነበር። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ አንድ ግቢ ውስጥ በሰው ስም ሞተር ይፈታ ይገጥማል። ወረቀት የለውም። ምላሱ ግን አለ! ያ ልጅ ሲለምን ድንጋይ ያስለቅሳል።

አሠሪዎቼ ሙቀቱን ሸሽተው ወደ አገራቸው ለዕረፍት በሄዱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ለወትሮው ከበር አልፎ አያውቅም፤ ያን ቀን ጓሮ ድረስ ገባና ድስቴ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እምቢ እንዳትይኝ።»

«ገና ሳልሰማው እምቢ ብያለሁ።»

«ኦቨናችሁን ለአንድ ቀን።»

ዳቦ ሊጋግር መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን የምሩን ነበር። አንድ ትልቅ ሰው አሮጌ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል አለው፤ ሲሊንደሮቹን ጥቁር አድርገህ እንደ አዲስ አብራልኝ ብሎታል። ተራ ቀለም ቢቀባው ሞተሩ ሲግል ተቃጥሎ ይረግፋል። የዱቄት ቀለም የሚባል አለ፣ ከቻይና በኮንቴይነር ከመጣ ዕቃ መሐል መርጫውን አግኝቷል። መርጫው ዱቄቱን ይነፋል፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ዱቄቱ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ሁለት መቶ ዲግሪ ላይ ሃያ ደቂቃ ሲጋገር ይቀልጥና እንደ መስተዋት ይሆናል። ሁሉም አለው። ኦቨን ብቻ የለውም።

«ኦቨኑ ምን ይሆናል?» አልኩት።

«ምን ይሆናል? ቂጣ እንደመጋገር በይው። ሰውየው ሥራዬን ከወደደው ጋራዥ ውስጥ ያስገባኛል፣ ወረቀት ያወጣልኛል። እታለም፣ እስከ መቼ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ሽንት ቤት እደበቃለሁ?»

ይህችን ሲል ዓይኑ እንባ ሞላ። እሺ አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

በማግስቱ የመጣው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጅቡቲ ሰባት ሰዓት ማለት ጫት የገባበት ሰዓት ነው፤ ወንዱ ሁሉ ጫቱን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ዘበኛው በሩን ከፈተለትና የተሸከመውን ጆንያ አየ። ምን እንደሆነ በሶማልኛ ነገርኩት። «ብረቱም ከዚያ ሊበላ ነው?» አለና ሳቀ። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ማንም አላየም በሚል ምልክት ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሌላ አንድ ቃል አልጠየቀም።

ጆንያው ሲፈታ ያየሁትን አልረሳውም። ሲሊንደር ማለት እንደ ጣሳ ክብ ብረት ነው፣ ዙሪያውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደራረቡ ክንፎች አሉት። በእነዚያ ክንፎች መሐል የስንት ዓመት ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ጥቁር ንፍጥ ሆኗል። የዝንብ ሬሳ አለበት። ፀጉር አለበት። የማን ፀጉር ነው? የፍየል ይሁን የሰው እግዜር ይወቀው። ወንድሜ ይህን አንስቶ የት ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው? ሰሐን የማጥብበት ገንዳ ውስጥ!

«አንተ! አብደሃል?»

«የት ልጠበው ታዲያ?»

ናፍጣ አፈሰሰበት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተገው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ያ ጥቁር ፈሳሽ የማዳምን ነጭ ገንዳ እየላሰ ወደ ታች ሲወርድ፣ መሐሉ ላይ ቆሞ አልወርድም ሲል፣ አረፋ ሲሰራ፣ ቆሜ ማየት አቃተኝ። ፍልሰታ ነው፣ ጾመኛ ነኝ፣ ገና አልቀመስኩም። ባዶ ሆዴን ጓሮ ወጥቼ አስታወክሁ። ስመለስ ምን ላይ ደረስኩ መሰላችሁ? የእኔንና የዘበኛውን ስፖንጅ አንስቶ የሲሊንደሩን ሆድ እየጠረገበት። ያን ቀን የሰደብኩትን ስድብ እናቴ ብትሰማ ትክደኝ ነበር።

መርጨቱን ግቢ ውስጥ አደረገው። የብረቱን ውስጡንና አፉን ሙቀት በሚችል ፕላስተር ሸፈነ፣ ከሽቦ ማንጠልጠያ መንጠቆ ሠርቶ ሰቀለው፣ የመርጫውን ሽቦ ቆነጠጠበትና ነፋ። ጥቁር ዱቄት ነው፣ ከጥላሸት ይረቃል። ብረቱ ላይ እንደ ሻጋታ ጸጉር አወጣ። የተረፈው በአየሩ ላይ ሄዶ ባሰጣሁት አንሶላ ላይ ዐረፈ። ምራቄ ለሦስት ቀን ጥቁር ነበር።

መጀመሪያ የጋገረው ተበላሸ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጢስ ከኦቨኑ በር ጠርዝ እየተንፎለፎለ ወጣ። ሲከፍተው ቀለሙ ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ሁሉ አባብጧል። እሱ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን ነክሶ ሲያስብ ቆየና ያበጠውን ሲፍቀው ከሥሩ ነጭ ነገር ታየ። ጨው! ካጠበው በኋላ በቧንቧ ውሃ ነበር ያለቀለቀው። የጅቡቲ የቧንቧ ውሃ ጨው ጨው እንደሚል እንኳን ሰው ልብስም ያውቃል፤ ልብሴ ሲደርቅ እንደ ካርቶን የሚቆመው ለምን ሆነና። ድሬዳዋ የለመደ ሰው ግን ውሃ ሁሉ ውሃ ይመስለዋል። ሌላው ጥፋቱ ደግሞ፣ ብረቱ በቀዳዳው ሁሉ ዘይት ጠጥቶ ኖሮ፣ ሙቀት ሲነካው መልሶ ተፋው። ስለዚህ ቀለም ከመነፋቱ በፊት ራቁቱን ተጋግሮ ዘይቱን ማላብ አለበት አለኝ።

ራቁቱን! ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። ያ ብረት አንድ ሰዓት ሙሉ ኦቨኑ ውስጥ ተሰቅሎ ዘይት አላበው። ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ በመስተዋቱ ይታየኛል። ጠብታው የኦቨኑ ወለል ላይ ካለው ከአሮጌው የአሳማ ስብ ጋር ተገናኝቶ ይቃጠላል። ያንን ሽታ በምን ቃል ልንገራችሁ? የተቃጠለ ጎማና የበሰበሰ ሥጋ አንድ ላይ ቢያስቡት ይቀርበዋል። መጋረጃው ውስጥ ገባ፣ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አጠገቤ ያለችው ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ስትሸፍን አየኋት። ፍልሰታን ሙሉ በሰው መሐል እንደዚያ እየሸተትኩ አስቀደስኩ።

በታሸገ ውሃ አጥቦ፣ ዘይቱን አስወጥቶ፣ ቀለሙን ነፍቶ፣ ደግሞ ጋገረው። በዚህኛው ወጣለት። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ፊት የሚያሳይ። ወንድሜ በእጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ እያዞረ ሲያየው እንደ ሕፃን ነበር። ይሄ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ቢያስጠላ ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር።

አንድ ቀን ያለው ነገር ሁለት ሳምንት ሆነ። የሰውየው ጓደኛ አየ፣ ሌላው ሰማ፤ ስድስት ሲሊንደር ጋገረ። በየጊዜው በሩን የሚከፍትልን ያው ዘበኛው ነው። ጎረቤት ስለ ጢሱ ሲጠይቀው ቆሻሻ እያቃጠልን ነው ይል ነበር። ለእኔ ብሎ።

በመጨረሻው ቀን ወንድሜ መርጫውን ጠቅልሎ ሲወጣ፣ እግሩ በር ላይ ሆኖ ምን አለኝ? «ይልቅ እታለም፣ ከእንግዲህ ምግብ ባይሠራበት ይሻላል። የዱቄቱ ጣሳ ላይ ሥዕል አለበት፣ ምግብ ላይ መስመር የተሰመረበት። መርዝ አለው መሰለኝ።»

«ምን አልክ?»

«ኤጭ፣ ምን አገባሽ? አሳማቸውን ነው የሚበሉበት!»

«ልጅ አለ እኮ! ሕፃን ልጅ አለ!» አልኩት። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ። ወንድሜን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቆሻሻ ነገር አየሁት። ሦስት ቀን በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በሶዳ ያንን ኦቨን ስፈትግ ሰነበትኩ። ጥፍሬ ሥር ጥቁር ገባ። ሽታው ለቀቀ። ወይም አፍንጫዬ ደነዘዘ።

ተመለሱ። ልጁ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ በማግስቱ እሑድ። ለማዳም ኦቨኑን እንዳትነካው እንዴት ብዬ ልንገራት? ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም፣ ጠዋትም አልተናገርኩም። የወረቀቴ ማመልከቻ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፣ ሰኞ ልትፈርምልኝ።

አሳማዋን ቀምማ አዘጋጀችና ኦቨኑን አስቀድማ አጋለችው። ሲግል ያ ሽታ ከተኛበት ተነሣ። ልጁ ከሳሎን አፍንጫውን ይዞ እየሮጠ መጣና «ማማን፣ ይሸታል!» አለ። ማዳም በሩን ከፈተች፣ አጠፋችው፣ ጎንበስ ብላ የታችኛውን መደብ ሳበች። ከሥሩ እኔ ያላየሁት ነበር፤ እንደ ሬንጅ የረጋ ጥቁር ጠብታ፣ አጠገቡ የወንድሜ የሽቦ መንጠቆ። በሁለት ጣቷ አንስታ አሳየችኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

መደቡን ወደ ቦታው ልመልስ ጎንበስ ስል በእጇ አቆመችኝ።

«ስሚ፣ አንቺ ከሆንሽ ንገሪኝ። ልጄን ሰጥቼሻለሁ፣ ቤቴን ሰጥቼሻለሁ። የምጠላው መዋሸትን ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወይስ ዘበኛው ነው?» አለች።

በእውነቱ እኔ አላመጣሁትም። እሷ ናት ያመጣችው። እኔ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ይህን ለስንት ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ መሰላችሁ! ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ውሸት ነው፣ በዚያ አላበቃሁም። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እየገባ ሥጋውን ሲጠብስበት ነበር አልኩ። መንጠቆውስ ስትለኝ፣ ሥጋ ሰቅሎበት ነው አልኩ። ጥቁሩስ ስትለኝ፣ ጮማው ተቃጥሎ ነው አልኩ። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ እንደ መቁጠሪያ ወጣ። ከዚያ ኦቨን የወጣ ኬክ ነክቶ ሦስቴ በሳሙና የታጠበውን ሰውዬ! ሶማሌ የሆነ ሰው ቢሰማው በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ማዳም ግን አመነች። ለእሷ የተራበ ሰው ያገኘበት ይበላል።

ወዲያው ጠራችው። መጣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ቦንዡር» አለ። ማዳም ንገሪው አለችኝ። በዚህ ዕድሜው ቤት ሰብሮ እንደ ሌባ መብላቱ አሳዝኖኛል፣ ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለውም በይው አለችኝ። እኔ ወደ እሱ ዞሬ በሶማልኛ፣ «አዴር፣ ከእንግዲህ ዘበኛ ከድርጅት ሊቀጥሩ ነው፣ ስለዚህ ይበቃሃል ይላሉ» አልኩት። ደነገጠ። ወደ መሬት አየ። «እሺ፣ አላህ ያለው ነው። እንጀራቸውን በልቻለሁ፣ ስለ ስንት ዓመት ክብር አመስግኚልኝ፣ ልጁን ሳሚልኝ» አለ። ወደ ማዳም ዞርኩ። «ጥፋቴ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ይላል» አልኳት። የማዳም ዓይን እንባ አቀረረ።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቴን ፈረመችልኝ።

ኦቨኑን ጠላችው፣ አዲስ አስመጣች። አሮጌውን «ከፈለግሽ ውሰጂው» አለችኝ። ወንድሜ በጋሪ መጥቶ ጫነው። የራሱ ኦቨን! ከደስታው ብዛት ጉንጬን ሳመኝ። ያደረግሁትን ስነግረው፣ ከንፈሩን እንኳ አልመጠጠም፤ «ጎበዝ! ምን ታደርጊ ነበር ታዲያ? እሱ ባገሩ ነው፣ ሌላ ያገኛል» አለ። ፊቱ የእኔ ፊት ነው፣ ሁለታችንም አባታችንን እንመስላለን። ያን ቀን መስተዋት ማየት አስጠላኝ። የማጥብበትን የራሴን እጅ ሁሉ ነበር የምጸየፈው።

ዓሣ መብላት ተውኩ። ለብቻዬ ከትሪው ወዲህ ማዶ ተቀምጬ አይወርድልኝም።

ወር አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢ ልብስ ሳሰጣ አዲሱ ዘበኛ ሰው ይፈልግሻል አለኝ። አዴር ነው። ከስቷል። ጺሙ ሂና አጥቶ ነጭ ሆኗል። አወቀ፣ ሊያዋርደኝ መጣ ብዬ ነበር። እሱ ግን ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ልጄ፣ ያለ አንቺ ሰው የለኝም» አለ። ሙስዬ ለጎረቤቱ አውርቶ፣ የጎረቤቱ ወጥ ቤት ለዘበኞቹ አውርቶ፣ ወሬው ሥጋውን አሳማ አድርጎ ሰፈሩ ደርሷል። ጫት የሚቅምበት ቦታ ሲገባ «አሳማ በላው መጣ» ይሉታል። የገዛ ልጁ አማቾች ሰምተዋል። «ሥራውን አልፈልግም፣ ሥራ ድሮም ያልቃል። አንድ ውሸታም ሰው ለሴትየዋ እንዲህ ብሎ ነግሮብኛል። ማን እንደሆነ አላህ ያውቀዋል። አንቺ ግን ምስክሬ ነሽ፣ ከአንድ ትሪ በልተናል። ከዚያ ነገር አንድም ቀን እንዳልቀመስኩ በቋንቋዋ ንገሪልኝ። እሷ ካመነች፣ ባልየው ይናገራል፣ ሰውም ይተወኛል።»

ድምፅ ሰምታ ማዳም በረንዳው ላይ ወጣች። ልጁ ከኋላዋ ብቅ ብሎ እጁን አወዛወዘለት። «ምን ፈልጎ ነው?» አለችኝ።

አዴር አፌን አፌን ያየኛል። የምናገረውን እያንዳንዱን ቃል በዓይኑ ሊይዘው የፈለገ ይመስላል።

«ልጁ ናፍቆት ነው የመጣው» አልኳት በፈረንሳይኛ። ረጅም እንዲመስል ጨማምሬ፣ «ባደረገው ነገር እስከ ዛሬ ሲያፍር ነው የሚኖረው፣ ከልብዎ ይቅር ይበሉኝ ይላል» አልኩ።

ማዳም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከደረጃው ወርዳ በሩ ድረስ መጣችና እጁን ጨበጠችው፤ ረስቼዋለሁ በይው፣ ሰው ይሳሳታል አለችኝ።

«ምን አለች?» አለኝ አዴር።

«አመነች» አልኩት።

በረጅሙ ተነፈሰ። ዓይኑን በኩታው ጫፍ ጠረገ፣ ለማዳም «ሜርሲ፣ ሜርሲ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«ልጄ፣ ወረቀትሽን አላህ አይንሳሽ» አለ።

«አሜን» አልኩ።